ከቦምቤ ለምርጫ ቦርድ፦ ስለ ሁለት ሥዕሎችና ስለ ረጅም ሰልፍ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከተማችን ዝንባሌ ምን እንደሆነ እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

ክቡር ቦርድ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመን እናመሰግናለን። እኛ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቦምቤ የምንኖር ሰዎች፣ ሌላው ሕዝብ በአምስት ዓመት አንዴ የሚያገኘውን ክብር አምስት ወር ሳይሞላ ሁለት ጊዜ አገኘነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ስጡ ተባልን። የወላይታን ውጤት ከባድ ጥሰት ተገኝቶበታል ብላችሁ ሰረዛችሁትና ሰኔ 12 ቀን ያንኑ ጥያቄ ድገሙ ተባልን። በመሰረዛችሁ አንወቅሳችሁም። እንዲያውም በአገራችን የምርጫ ታሪክ የአንድ ዞን ሙሉ ውጤት በራሱ በአስፈጻሚው ሲጣል ማየት ብርቅ ነው። ግን የተሰረዘውም ድምፅ ተቆጥሮ፣ ተደምሮ ነበር። በወረቀት ላይ ያ ቁጥር ከሌላው ቁጥር ምንም አያንስም ነበር። ታዲያ ስለ አንድ ሰፈር የፖለቲካ ዝንባሌ በወጣው መራጭ ብዛት መናገር ሲጀመር ቢያንስ እናንተ ቀድማችሁ ትጠራጠራላችሁ ብለን ተስፋ አድርገን ነበር።

የመራጭ ብዛት የሚናገረው ጥያቄው የመራጩ ሲሆን ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም በሲዳማ ከተመዘገበው መራጭ 99.86 በመቶው ድምፅ ሰጠ፤ ከዚያም 98.51 በመቶው ክልል ይሁን አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ያስገርማል። አውስትራሊያ ድምፅ ያልሰጠን ዜጋ በገንዘብ እየቀጣች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ለታችኛው ምክር ቤቷ 90 በመቶ አልሞላላትም። በሲዳማ ግን ያለ ምንም ቅጣት፣ የታመመው፣ ለቅሶ የሄደውና ምጥ የያዛት ሁሉ ተደምረው ከሺህ ሰው ሁለት አልሞሉም። ይሁንና ሲዳማ ክልሉን አጥብቆ መፈለጉን የሚጠራጠር የለም፤ የጠየቀውን ነገር ነው የተጠየቀው። ስለዚህ ቁጥሩ ቢጋነንም ባይጋነንም ትርጉሙ አልጠፋም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይዞራል። የወላይታ ዞን ምክር ቤት ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም በሙሉ ድምፅ የወሰነው ወላይታ የራሱ ክልል ይሁን ብሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጅ ይላል። ዓመቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፤ በመጨረሻ የመጣልን ወረቀት ግን ያንን ጥያቄ አልያዘም። ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር በአንድ ክልል ተደራጁ ለሚለው የሚስማማ ነጭ እርግብን፣ የማይስማማ ጎጆን ይምረጥ ተባለ። (ጎጆ ልውጣ ብሎ የመጣ ሕዝብ ጎጆዋን ሲመርጥ ከወላጆቹ ቤት አልወጣም ማለት እንደሚሆንበት ሥዕሉን የመረጠው ሰው ሳይታየው ቀርቶ ነው ብለን በቅን እንተረጉማለን።) የራሴ ክልል ይኑረኝ የሚል የቦምቤ ነዋሪ እርግቧን ቢነካ ያልጠየቀውን ደገፈ፤ ጎጆዋን ቢነካ ሲዳማም ደቡብ ምዕራብም ጥለውት የሄዱትን አሮጌውን የደቡብ ክልል ናፈቀ ተባለ።

ጥያቄውን የሰጠን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እኛ አስፈጻሚ ነን ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥያቄውን አልጻፋችሁትም። ነገር ግን የሚወጣውን ሰው ብዛት ለሕዝብ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ ቁጥሩ ስለ ዝንባሌ ምን እንደማይናገር ለመግለጽ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁም። ሌላው መልሳችሁ ያልተስማማ ጎጆን መምረጥ ይችል ነበር የሚል እንደሚሆን እንገምታለን። ይችል ነበር። ግን በጎጆዋ ሥር የወላይታ ክልል ፈላጊውና የድሮው ደቡብ ወዳጅ በአንድ ተደመሩ፤ ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ አንድ ቁጥር ሆነ። በዚህ ላይ የሰኔው ድምፅ ሲሰጥ የሌሎቹ አምስት ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ውጤት ከታወቀ ወራት አልፈዋል። ሲወጣ የዋለው ሰው የፈለገውን ሳይሆን የቀረለትን እየመረጠ እንደነበር ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ሕዝቡ በነቂስ መውጣቱ ራሱ የድጋፍ ምልክት ነው የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ከአዲስ አበባ በላይ መምህር አናገኝላቸውም። በ1997 ዓ.ም ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የመራጩ ብዛት 82.6 በመቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም የመራጩ ብዛት ወደ 93.4 በመቶ አደገ፣ ገዢው ኢሕአዴግም ከ23ቱ 22ቱን ያዘ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ልብ እንዲህ ከዳር እስከ ዳር ተገለበጠ ብሎ የሚያምን ይመን። እኛ የምናየው የምርጫው ሜዳ ሲጠብ ሰልፉ መርዘሙን ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ መታወቂያም፣ የድጋፍ ደብዳቤም፣ ማዳበሪያም በቀበሌ በር ስለሚያልፉ ማን ቀረ የሚለው ጥያቄ ማን ምን መረጠ ከሚለው ይቀድማል። በ2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመራጮች ምዝገባ ቀዝቅዞ ጊዜው የተራዘመው ከተሜው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ ነው ለማለት እኛ አንደፍርም። ትልቅ ከተማ ውስጥ መቅረት ይቻላል፤ ቦምቤ ውስጥ የቀረ ሰው በስም ይታወቃል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተማችን በዞን ድምር ውስጥ ስለማትታይ፣ ሕጉ በየጣቢያው በር ላይ እንዲለጠፍ ያዘዘውን ውጤት በማንኛውም ጊዜ ልናየው በምንችልበት ቦታ አኑሩልን። ዋጋ አልባ ተብለው የተለዩትን ወረቀቶች በየጣቢያው ለይታችሁ አሳዩን፤ ሁለቱንም ሥዕል ነክቶ ወይም አንዱንም ሳይነካ የወጣ ሰው ምናልባት ከሁላችን ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ወደፊትም ሕዝበ ውሳኔ ስትልኩልን ምክር ቤታችን በ2011 ዓ.ም ለጠየቀው ጥያቄ የሚሆን ሥዕል ጨምሩበት። የፈለጋችሁት ሥዕል ይሁን፤ ሥዕል አንመርጥም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አዲስ አበባ