ስቴቱን ለቀናል፣ ታክሱ ግን አልለቀቀንም

ዕድሜያችንን በሆቴል፣ በፓርኪንግና በሆስፒታል ሥራ ጨርሰን ጡረታ ስንወጣ፣ ብዙዎቻችን ከሜሪላንድና ከዲሲ ተነሥተን ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ኔቫዳ የምንሄድበት ምክንያት የታወቀ ነው። ልጆች አሉ፣ ብርዱ ሰልችቶናል፣ እዚያም የስቴት የገቢ ግብር የለም። የቴክሳስ የቤት ግብር ከባድ ነው፤ እሱን ይሁን ብለን ተቀብለናል። የማይዋጥልን ከሄድንም በኋላ የድሮው ስቴት ታክስ በየወሩ ከጡረታችን ላይ መቆረጡ ነው።

ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። ድሮ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች «ጡረታውን ያፈራኸው እዚህ ሠርተህ ነው» እያሉ ለቆ የሄደውንም ሰው ያስከፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ይህን ከልክሏል። የአሠሪ ጡረታም ይሁን ፎር ኦ ዋን ኬ ወይም አይአርኤ የሚባሉት የጡረታ ቁጠባዎች፣ የስቴት ግብር መጠየቅ የሚችለው ገንዘቡን ስንቀበል የምንኖርበት ስቴት ብቻ ነው።

ታዲያ ቅነሳውን ማን ያስቁመው? ጡረታውን የሚከፍለን መሥሪያ ቤት መዛወራችንን ያውቃል፤ ደብዳቤውን የሚልከው በአዲሱ አድራሻችን ነው። ስንደውል ግን «የሞሉት የፌዴራሉን ፎርም ነው፣ የስቴቱ ሌላ ነው» ይሉናል። እስካሁን የተቆረጠውስ? «እሱን ስቴቱን ይጠይቁ።» ስቴቱ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ ጠብቀን፣ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን ፎርም እንድንልክ ያዘናል። የገዛ ገንዘባችንን ለማስመለስ በማንኖርበት ስቴት ታክስ ማሠራት! ታክስ የሚሠራልን ሰውም ለተጨማሪው ስቴት ለብቻው ያስከፍለናል።

ላስ ቬጋስ የገቡ አንዲት እናት በጃንዋሪ መጨረሻ 1099-አር የሚባለውን የዓመቱን የጡረታ ክፍያ መግለጫ ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። 14ኛው ሳጥን ውስጥ የተቆረጠው የስቴት ታክስ፣ 15ኛው ውስጥ ሜሪላንድን የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት፣ ከላይ ደግሞ የኔቫዳ አድራሻቸው ታትሟል። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ ልጄ» አሉኝ። መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ እያለ፣ መሄዳቸውን በመንጃ ፈቃድና በቤት ኪራይ ውል ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ሳይሄዱ እዚያው የቀሩትም አላረፉም። ሜሪላንድ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ከአሠሪ ጡረታ ላይ የተወሰነውን ከግብር ነጻ ታደርጋለች፤ ያው ገንዘብ ወደ አይአርኤ ከተዛወረ ግን ይህ ይቀራል። ይህንን አስቀድሞ የሚነግረን የለም፤ የምንሰማው ገንዘቡ ከተዛወረ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ በዚያው ዕድሜ 12,000 ዶላር ትቀንስልንና፣ ገቢያችን ላላገባ ሰው ከ50,000፣ ለባልና ሚስት ከ75,000 ካለፈ፣ ባለፈው በእያንዳንዱ ዶላር ልክ ቅናሹን መልሳ ትወስዳለች። ከሜሪላንድ ድንበር ማዶ ያለችው ፔንስልቫኒያ ግን የጡረተኛን ጡረታ አትነካም።

በዚህ ዕድሜ ስልክ ይዞ መዋል ጉልበት ይፈልጋል፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ደግሞ ልጅ ከሥራ ማስቀረት ነው። ብዙዎች ሰልችቷቸው ገንዘቡን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ጡረታ ከፋዮቹ አድራሻ በምንቀይርበት ፎርም ላይ «የድሮው ስቴት ቅነሳ ይቁም?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩልን ምን ይጎድልባቸዋል?