ስንት ፐርሰንት ደረሰ?

ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ሲከለከል፣ እኛ የኢሉባቦር ያዮዎች ወሬው የአዲስ አበባ መስሎን ቡናችንን ፉት እያልን ሰማነው። ወሬው ግን ቀስ ብሎ ግቢያችን ድረስ መጣ። አከራዬ ጋሼ ቡናቸውን ሸጠው የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው ከች አሉ። በዓይኔ ባላያቸው ኖሮ መምጣታቸውንም አላውቅም፤ መኪናው ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በር ላይ የተኛው ውሻችን የጮኸው ገብተው ከቆሙ በኋላ ነው፤ እሱም ለይሉኝታ።

ወዲያው ሰፈሩ ኮፈኑን ከበበ። ጡረታ የወጡ የአይሱዙ ሾፌር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉና "የዘይቱ መለኪያ የታለ?" ብለው ጠየቁ። የለውም ተባሉ። "ካንዴላስ?" የለውም። "ፍሪሲዮን?" እሱም የለም። ቀና ብለው ጋሼን በሐዘኔታ አዩአቸው። "ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የሸጡልህ።"

የሞተር ዘይት አይቀየርለትም መባሉን እኛ የሰማነው "ምንም አይፈልግም" ብለን ነው። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን በነጭ መሐረብ ይወለውላሉ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣው ባትሪ ግን ከወለሉ ሥር ተነጥፎ፣ በቡናው ደን መንገድ ላይ ድንጋይ ሆዱን ሲደልቀው ይውላል። (ደኑን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ መንገዱን ግን አይቶ ያለፈው ይመስለኛል።) እስካሁን ከሥሩ ገብታ የመረመረችው የእኔ ዶሮ ብቻ ናት። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማም ቶሎ ይበላል፤ ይህ የገባው የጎሚስታው ልጅ ነው፣ መኪናውን ባየ ቁጥር ፈገግ ይላል።

ፍሬኑማ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናው ራሱን እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ ጋሼ የመቱን መንገድ ቁልቁለት ሁሉ ነጻ ማደያ አድርገውታል። ፔዳሉን ስለማይነኩት ዲስኩ በእኛ ዝናብ ዝጓል። መካኒክ የሆነው የእህታቸው ልጅ ለበዓል መጥቶ አየውና፣ "ጋሼ፣ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገው ይርገጡት። ፍሬን ዘይቱም እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር" አላቸው። ጋሼ ተቆጡ። "ዘይት የለውም ብላችሁ አይደል እንዴ ያስገዛችሁኝ!"

አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ትልቁ ባትሪ ማታ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ያለቀችው መኪናውን የምትቀሰቅሰው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። ይህን ማን ያውቃል? "ገፍተን እናስነሳው!" አለ አንዱ፤ ሰባት ጎረምሳ ተሰለፈ። እኔም ነጠላዬን አገልድሜ ከኋላ ገባሁ። መኪናው ከፓርክ አልወጣ ብሎ እንደ ቀረሮ ዛፍ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ በስልክ እየመራ የባጃጅ ባትሪ በሁለት ሽቦ ተያያዘለትና ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ባጃጅ ጋሼን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጡሩምባ ሳይነፋ አያልፍም።

አሁን ሰፈራችን "እንደምን አደራችሁ" ቀርቶበት "ስንት ፐርሰንት ደረሰ?" ሆኗል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ልጆቹ ሮጠው ስክሪኑን አይተው ውጤት ያውጃሉ። ለዘወትሩ ሰማንያ ላይ ቢያቆሙት ለባትሪው ዕድሜ ይጠቅማል ተብለው ነበር ጋሼ። "እኔ ቤት የመጣ እንግዳ በቃኝ ስላለ ነው የሚሸኘው?" አሉና ሞሉት።

ወደ ፍርሃታችን ልምጣ። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ከዓመቱ የበዛው የእሱ ነው። ጠብ ሲል ግን ጋሼ ሸራ ይዘው ይሮጣሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን "አትንኪው፣ ኮረንቲ ይይዝሻል!" ይላሉ። መኪናው ዝናብ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ዝናብ የማትችለው ከሳሎኑ መስኮት ወጥታ፣ በፌስታል ተጠቅልላ፣ የቤቱ ጠፈጠፍ ሥር የተጋደመችው ማከፋፈያ ናት። እሷን ግን ልጆቹ ዘለዋት ያልፋሉ።

ማከፋፈያዋ ላይ መኪናው ብቻውን ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። የእኔ ሶኬት አምና ስለተቃጠለ (ለምን እንደተቃጠለ አትጠይቁኝ) ምጣዴም እዚያው ነው። ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ሺህ ዋት ገደማ ይስባል፣ ምጣዴ ከሦስት ሺህ በላይ። ጋሼ "ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ለእኛ ያንሳል?" ብለው ይሞግቱኛል። አያንስም። ማከፋፈያዋ ግን የተገዛችው ለቴሌቪዥንና ለስልክ ነበር። ሰሞኑን ግቢው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ጋሼ ምጣድሽ ነው ይላሉ፤ እኔ መኪናዎት ነው እላለሁ።

ትናንት ማታ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሸራቸውን ታቅፈው ወጡ።

"ጋሼ፣ ሸራውን ይተዉትና ማከፋፈያውን ይንቀሉ!" አልኩ ከማድ ቤት።

"አንቺ ምጣድሽን ቀድመሽ ንቀያ!"

"ሦስት እንጀራ ነው የቀረኝ!"

"እኔም ሰባት ፐርሰንት ነው የቀረኝ!"