ሁለቱም ይሁንልን

አዲስ አበባ ውስጥ የነጋዴ ከፍታ ድሮ በሕንፃ፣ ኋላ በመኪና ይለካ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ “እኛ እኮ ክላውድ ገብተናል” የሚባል ነገር መጥቷል። ሰርግ ላይ ይባላል፤ ልቅሶ ቤት ካርታ እየተበወዘ ይባላል። የት ገባችሁ፣ ምን ይዛችሁ ገባችሁ፣ ማን ይጠብቀዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። “ጎሽ” ይባልና ካርታው ይታደላል።

አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ አውቃለሁ። ስማቸው ይቆየንና ጋሼ እንበላቸው። መርካቶ ሱቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን፣ ቦሌ ቢሮ አላቸው። ፍሪጅ፣ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ ያስመጣሉ፣ ይሸጣሉ። የድርጅቱ ሰርቨር ቦሌ ቢሮ ደረጃ ሥር፣ ከመወልወያውና ከረከቦቱ አጠገብ ነው የሚኖረው። አቧራ እንዳይገባበት የጽዳት ሠራተኛዋ ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉ አየር ማስወጫውን ስለሚሸፍነው ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ጩኸቱን ሁሉም ስለለመደው፣ ሰው የሚደነግጠው ዝም ሲል ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይንጫጫል፤ ጥበቃው እየሮጠ ጄኔሬተር ያስነሳል። የድርጅቱ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንግዲህ ጥበቃው ነው። እሱ ምሳ ከወጣ ዕቅድ የለም።

ይህን ሁሉ እገላግላለሁ ያለ ከረባት ያሰረ ወጣት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፕሮጀክተር ይዞ መጣ። ክላውድ ሦስት ዓይነት ነው አለ፦ አያስ፣ ፓስ፣ ሳስ። የሦስቱንም ሥዕል በሦስት ቀለም አሳየ። ጋሼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

“ልጄ፣ ከሦስቱ የትልቅ ድርጅት የትኛው ነው?”

“ጋሼ፣ እሱ እንደ ሥራው ነው እንጂ…”

“ግዴለም፣ አንተ ብቻ ንገረኝ። ትልልቆቹ የትኛውን ነው የያዙት?”

ልጁ ትንሽ አመነታ። “አያስን የያዙ ትልልቅ ድርጅቶች አሉ።”

“በቃ እሱን አምጣ።”

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ጋሼ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሞዴል ለማስመጣት እንኳ ስንት ኪሎ እንደሚያጥብ፣ ስንት ውሃ እንደሚጠጣ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ሳያጣሩ ኤልሲ የማይከፍቱ ሰው ናቸው።

ወጣቱ ያሳየው ክፍፍል የራሱ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣት አጭር ሰነድ ሦስቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል፤ ዓለምም በዚያው ነው የሚሠራው። ለመረዳትም ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም፤ ልጅ የዳረ ሰው ያውቀዋል። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ተከራይቶ ሽንኩርቱን ራሱ የሚያስከትፍ፣ ወጥ ሠሪዋን ራሱ የሚለምን፣ ጠላውን ራሱ የሚያስጠምቅ ደጋሽ አለ፤ አያስ ይኸው ነው። ወጥ ቤቱ ከነእሳቱና ከነአሳላፊው ተሰናድቶ ጠብቆት የራሱን ወጥ ብቻ ሠርቶ የሚወጣም አለ፤ እሱ ፓስ ነው። ምግቡንም፣ ኬኩንም፣ ወንበር ማልበሱንም ለአዳራሹ ባለቤት ጥሎ ከእንግዳው እኩል ለብሶ የሚገባ ደግሞ ሳስ የመረጠ ሰው ነው። ጋሼ ሦስት ልጆች ድረዋል፤ ሦስቱንም በአዳራሽ። ቢሮ ሲገቡ ግን ድንኳን ተካይ ሆኑ።

ድንኳን መትከል ነውር የለበትም፤ ሰው ላለው። አያስ የገዛ ሰው የሚደርሰው ባዶ ማሽን ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማደስ፣ ፋየርዎሉን ማስተካከል፣ ባክአፕ መያዝ፣ ማን ይግባ ማን አይግባ ብሎ መወሰን የገዢው ሥራ ነው። ጋሼ ቤት ይህ ሁሉ የወደቀው በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። “አይቲው” ይሉታል። አይቲው ቶነር ይሞላል፣ ካሜራ ይሰቅላል፣ የጋሼን ስልክ ከፎቶ ያራግፋል፣ የባለቤታቸውን የእትዬን ቲቪ ከዋይፋይ ጋር ያስታርቃል። በትርፍ ሰዓቱ የዓለም አቀፍ ክላውድ አስተዳዳሪ ሆነ።

አስተዳዳሪው ማሽኑን ሲከፍት የት አገር ይቀመጥ ተብሎ ተጠየቀ። ያየው የማስተማሪያ ቪዲዮ ሰሜን ቨርጂኒያን ስለመረጠ እሱም ሰሜን ቨርጂኒያን መረጠ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዳታ ሴንተር ከፍተዋል። እዚሁ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ዳታ ሴንተሮች ተተክለዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት በብር ይሸጣል። ቪዲዮው ግን ስለ ጎሮ ያነሳው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቃሊቲ አንድ ፍሪጅ ከመኪና ሲወርድ ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይደርስና ተመልሶ ቦሌ ይገባል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልከፋቸውም። የእህታቸው ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ደውለው “አንተ ልጅ፣ ዕቃችን እናንተ ሰፈር መጥቷል፤ አልፎ አልፎ ብቅ እያልክ እየው” አሉት።

ልጁ ብቅ ባይልም ሌላ ውለታ ውሏል፤ ሂሳቡ የሚቆረጠው ከእሱ ካርድ ነው። ዶላር ፈልጎ ውጭ መክፈል አዲስ አበባ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አይነገርም። ስንቱ ዘመናዊ ድርጅት በአንድ የእህት ልጅ ቪዛ ካርድ ላይ ቆሞ እንደሚያድር ቢቆጠር ጉድ ይባል ነበር። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ድርጅቱም ያልፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቨርጂኒያ ያለው ማሽን ዋጋውን አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ጋሼ ግን ያንኑ ማሽን በእጥፍ ገደማ መክፈል ጀመሩ።

ጋሼ ማታ ከቢሮ ሲወጡ እየዞሩ መብራት የሚያጠፉ ሰው ናቸው። የሽንት ቤቱን ሳይቀር ገፋ አድርገው ያያሉ፤ የበራ ካገኙ በማግስቱ ስብሰባ ነው። ቨርጂኒያ ግን ሁለት ማሽን ሌት ተቀን ይበራል። አንዱ ለሥራ ነው፤ ሌላው አይቲው ለሙከራ ከፍቶ የረሳው። የተከራዩት ማሽን ተሠራበትም ተቀመጠም፣ እስኪዘጋ ድረስ በሰዓት ይቆጥራል። ሄዶ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለው የጋሼ ዓይን አይደርስበትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ “ክላውድ ላይ ያለ ነገር አይጠፋም” የሚለው እምነት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ክላውድ ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወድሟል። መሥራቹ ኦክታቭ ክላባ በትዊተር ለደንበኞቹ ያስተላለፈው ምክር የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችሁን አስነሱ የሚል ነበር። ዕቅድ የነበረው አስነሳ። ባክአፕ አብሮ የሚመጣ መስሎት የተቀመጠው ዳታው ከሕንፃው ጋር አመድ ሆነ። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው “የእኛስ ዕቅድ?” ብለው ዞር አሉ። ጥበቃው በር ላይ ነበር፤ ቪዛ የለውም።

ኃላፊነቱንም ቢሆን ለባለ ዳታ ሴንተሩ ጥሎ መተኛት አይቻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሰበሰበ ድርጅት ተጠያቂ ነው፤ መረጃው የትም አገር ይቀመጥ። ጋሼ ፍሪጅ በዱቤ የወሰደውን ሁሉ መታወቂያ ቅጂ ሰብስበዋል። እሱም ቨርጂኒያ ሄዷል።

ታዲያ እንደ ልጆቹ ሰርግ አዳራሽ ለምን አይከራዩም? ዝግጁ የሆነ የስቶክና የሂሳብ ሶፍትዌር በወር ከፍለው ቢጠቀሙስ? ጠይቄአቸዋለሁ። “የእኛ ሥራ የተለየ ነው” አሉኝ። ሥራቸው ፍሪጅ ገዝቶ ፍሪጅ መሸጥ ነው። በዚች ከተማ ሥራው የተለየ ያልሆነ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ልዩነቱን ለማስከበር ከጥቂት ዓመታት በፊት “የራሳችን ሲስተም” አሠርተው ነበር። የሠራው የባልንጀራቸው ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ሲስተሙም ሠርቶ ነበር። ልጁ ካናዳ ገባ። ፓስወርዱም አብሮት ገባ። አሁን ሪፖርት አልወጣ ሲል አይቲው በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ፣ በእነሱ ጠዋት፣ ልጁ ለሥራ ሲወጣ ቴሌግራም ላይ ጠብቆ ይለምነዋል። ልጁ ጨዋ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ይመልስላቸዋል።

እርግጥ የጋሼን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም። ውጭ የተሠራው ሶፍትዌር ጳጉሜን አያውቅም። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል ይደነግጣል፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚከፍሉ የሚያውቀውም ነጋሪ ካገኘ ነው። ደግሞም ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ እንደቆየ ነጋዴ አይረሳም። ያን ጊዜ አያስም ሳስም እኩል ነበሩ። ደረጃ ሥር ያለው ባለ ዳንቴል ብቻ ያጓራ ነበር፤ ጋሼም ይህን ቆጥረውለታል። ፓስን ግን እንለፈው። እሱ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ የዚህ ቤት ኮድ ጸሐፊ አውቶቡስ ላይ ነው።

የዶላሩ ሂሳብ ሲከብድ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አይቲው 37ሲግናልስ ስለሚባል የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ አንብቦ መጣ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ለክላውድ ከፍሎ፣ በቃኝ ብሎ ወደ ራሱ ሰርቨር ተመልሷል። “እነሱም ወጥተዋል፤ እኛም እንውጣ” አለ። እነዚያ ሶፍትዌር መሥራት እንጀራቸው የሆነ፣ የኔትወርክ ባለሙያ ደርድረው የያዙ ሰዎች መሆናቸውን፣ እሱ ደግሞ በዚያው ጠዋት የእትዬን ቲቪ ሊያስተካክል ቀጠሮ እንዳለው አላነሳም። ሂሳብ ሹሟ በበኩሏ የገባ ገንዘብ አይመለስም፣ እዚያው እንቆይ አለች። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሳምንት አለፈ ሲባል ተሰበሰበ፤ ሻይ ቀረበ፤ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው የሚል አጀንዳ ላይ ሳይደረስ ሰዓቱ አለቀ።

ውሳኔውን ጋሼ ራሳቸው ሰጡ፦ “ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? ሁለቱም ይሁን።” ባለ ከረባቱ ወጣት ተጠርቶ መጣ፤ ደስ ብሎት ይህ “ሃይብሪድ” እንደሚባልና በጣም ዘመናዊ እንደሆነ አስረዳ። ጋሼም ቃሉን ወደዱት።

እንግዲህ ቦሌ አንድ ሰርቨር፣ ቨርጂኒያ ሁለት ማሽን አለ። ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ነገር ግን አልተገዛም። ባለፈው አንድ የሆቴል ባለቤት ሃያ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ፈልገው ቢሮ መጡ። ደረጃ ሥር ያለው አሥራ አራት አለ፤ ቨርጂኒያ ሠላሳ አንድ አለች። ሂሳብ ሹሟ ሁለቱንም ስክሪን ትንሽ ካየች በኋላ ስልኳን አንስታ ቃሊቲ ደወለች። የመጋዘኑ ሽማግሌ “ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላምጣ” አሉ። ደብተር ሲገለጥ ተሰማ። “ሃያ ሁለት ነው፤ አንዱ በሩ ተጭሯል፤ እሱን በቅናሽ ስጪያቸው።”