የሰማዩ ባልደራስ

የቻይና ተከታታይ ድራማ ስለ ፍቅር ነው የሚል ሰው ልብሱንና ጌጡን ሲያይ ንግግሩ ያመለጠው ነው። ስለ ጦርነት ነው የሚለውም ከእሱ አይሻልም። ሰይፍ መማዘዙ፣ አየር ላይ መንሳፈፉ፣ ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ ማልቀሱ ሁሉ ማጣፈጫ ነው። ነገሩ ስለ ሹመት ነው። ቤተ መንግሥትም ይሁን ሰማይ፣ ፕሮፌሰር ቆሞ ታሪክ የሚተነትንበት ፕሮግራምም ይሁን፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን ከማን በላይ ይቀመጣል፣ ማንስ አስቀመጠው?

ይህን የገለጡልኝ አክስቴ ናቸው። አክስቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሲመዘግቡ ኖረዋልና ማን እንዳደገ፣ ማን "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" እንደተዛወረ፣ የማን ፋይል እንዴት እንደተሰወረ ያውቃሉ። ቻይንኛ አይሰሙም። እኔም አልሰማም፤ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የነገርኳቸውን መልሰው በቢሮ ቋንቋ ያስረዱኛል።

የጀመርነው በ"ዠን ኋን" ነው። በ2011 የወጣ ባለ 76 ክፍል ድራማ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። አንዲት ወጣት ከ1722 እስከ 1735 በነገሠው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት በዮንግዤንግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትገባለች። ንጉሡ በእውን የነበረ ሰው ነው፤ እሷ ግን ከልቦለድ የመጣች ናት። የንጉሡ ሴቶች ደረጃ አላቸው፦ ከታች ዳዪንግ፣ ከዚያ ቻንግዛይ፣ ጉይረን፣ ፒን፣ ፌይ፣ ጉይፌይ፣ ኋንግጉይፌይ፤ ከሁሉ በላይ እቴጌይቱ። ደረጃ በጨመረ ቁጥር ቀለቡም፣ አገልጋዩም፣ ሐሩም ይጨምራል። ይህን ስዘረዝር አክስቴ የያዙትን ስኒ አስቀመጡና፦

"ቆይ፣ ልጅቱ ከየትኛው ጀመረች?"

"ከቻንግዛይ፣ እትዬ።"

"ከታች ሁለተኛ። በዲግሪ ተቀጥራለች ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲያ ድራማውን እንደ ድራማ ማየት ቀረ። ማታ አንድ ጃንደረባ በትሪ ላይ ጫፋቸው አረንጓዴ የሆነ ትናንሽ ጣውላዎች ደርድሮ ለንጉሡ ያቀርባል። በየጣውላው የአንዲት ሴት ስም አለ። ንጉሡ አንዱን ይገለብጣል፤ ስሟ የተገለበጠው ያን ሌሊት ትጠራለች። የታመመች ወይም ታመመች የተባለች ሴት ጣውላዋ ከትሪው ይነሣል። እኔ ማን ትጠራ ይሆን እያልኩ ስጓጓ አክስቴ ዓይናቸውን ከትሪው አልነቀሉም። "ሥልጣን ያለው ንጉሡ ጋ እንዳይመስልህ። ትሪውን የሚያሰናዳው ሰውዬ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ፋይል ከሥር ማድረግ ይባል ነበር።"

ኋ ፌይ የምትባል ኃይለኛ ሴት አለች፤ ክፉ ናት፣ ግን ንጉሡን ከልቧ ትወደዋለች። ለእሷ ብቻ የተቀመመ ዕጣን ሰጥቷታል። ሌላ ሴት የማታጨሰው፣ የክብሯ ምልክት። በኋላ ሲወጣ ዕጣኑ ውስጥ ምስክ አለበት፤ ልጅ እንዳትወልድ ያደረጋት እሱው ነው፤ የወንድሟን የጦር ኃይል ስለሚፈራ። እኔ ደንግጬ ዝም አልኩ። አክስቴ ግን እንኳን ሊደነግጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ "ሽልማት ነው ብለው ሰጧት አይደል? እኛም ጋ አንዱን ጎበዝ እንዲሁ በጭብጨባ ለሥልጠና ውጭ አገር ላኩት። ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።"

ይህን ድራማ አሜሪካኖች በ2015 እንዲመቻቸው ብለው ከ76 ክፍል ወደ ስድስት አጠፉት፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ በሐዘን፣ "እሱማ ድራማ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነው" አሉ። የቻይና መንግሥትም ቢሆን ርዝመቱ ሳይሰለቸው አልቀረም፤ በ2020 ባወጣው መመሪያ ተከታታይ ድራማ ከ40 ክፍል እንዳይበልጥ፣ ቢቻል በ30 እንዲያልቅ አሳሰበ። ፕሮዲውሰሮቹ ውኃ እየጨመሩ ያቀጥናሉ የሚለው አቤቱታ የቆየ ነው። እኔ ግን ውኃው ነው የሚጣፍጠኝ። አንዲት ሴት ሻይ አንሥታ እስክትቀምስ አራት ደቂቃ ሲሄድ፣ ቢላዋ የማይታይበት ግድያ እየተሰናዳ እንደሆነ አውቃለሁ።

ብዙው የሚቀረጸው ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሄንግዲየን በሚባል ቦታ ነው። የቤጂንጉ ቤተ መንግሥት በሙሉ መጠኑ እንደገና ተሠርቶ እዚያ ቆሟል። ዕድላቸውን ሊሞክሩ ከየአገሩ የመጡ ተዋናዮች ጠዋት ጃንደረባ፣ ከሰዓት ወታደር፣ ማታ ሬሳ ሆነው ይውላሉ። ሬሳ ሆኖ ለተጋደመ ሰው ደግሞ ገደቢስነቱን ማስወገጃ ተብሎ በቀይ ፖስታ ትንሽ ገንዘብ ይጨመርለታል። አክስቴ የዘለሉት አንድም ነጥብ የለም፦ "የሙት አበል አላቸው ማለት ነው።"

የትምህርቱ ነገር የመጣው ቲየንጂን ተምሮ በተመለሰው የእኅቴ ልጅ በኩል ነው። በቻይናው ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በ10ኛው ቻናል ከ2001 ጀምሮ የሚተላለፍ "ባይጂያ ጂያንግታን" የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አንድ ምሁር ብቻውን ቆሞ ያወራል፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ያዳምጣል። ሲሰሙት እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል። የሺያመን ዩኒቨርሲቲው ዪ ዦንግቲየን ግን በ2006 የሦስቱን መንግሥታት ታሪክ ሲያወራ ምሁር መሆኑ ቀርቶ ኮከብ ሆነ። የሞቱ ሹማምንትን አንድ በአንድ እያስጠራ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላላቸው ነው የሚውለው። በዚያ ዘመን ላይ በተጻፈው ልቦለድ የክፋት አባት የተባለውን ፃኦ ፃኦን ነጥቡን ከፍ አደረገለት።

ችግር የተፈጠረው እኛ ከዚሁ ልቦለድ የተሠራውን የ1994ቱን ባለ 84 ክፍል ድራማ ቀድመን በማየታችን ነው። እዚያ ውስጥ ብልኁ ዡጌ ልያንግ በቂ ወታደር ሳይኖረው የጠላት ጦር ይመጣበታል። የከተማውን በር አስከፍቶ፣ ከበሩ በላይ ካለው ሰገነት ዕጣን አጭሶ፣ አውታሩን እየደረደረ ይቀመጣል። የጠላት ጦር አዛዡ ስማ ዪ፣ "ይሄ ሰው ያለ ወጥመድ እንዲህ አይዝናናም" ብሎ ጦሩን ይመልሳል። አክስቴ በዚህ ክፍል እልል ብለዋል። ፕሮፌሰሩ መጥቶ ነገሩ አልተደረገም አለ፤ በዚያ በ228 ዓመት ስማ ዪ የነበረው ሌላ ግንባር ነው።

"በሥራ ገበታው ላይ አልነበረም ማለት ነው?" አሉ አክስቴ።

"አልነበረም፣ እማማ" አላቸው የእኅቴ ልጅ።

"አቴንዳንስ አለው?"

ልጁ የ3ኛው መቶ ዘመን የታሪክ ጸሐፊ የቼን ሾው መዝገብ ነገሩን እንደማይደግፈው ለማስረዳት ሞከረ። አክስቴ ግን መዝገብ እንዴት እንደሚጻፍ ስለሚያውቁ አልተረቱም።

በነገራችን ላይ ይህ የመምህርነት ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስለ ቺንግ ነገሥታት በዚሁ መድረክ ያስተማሩት አዛውንቱ ያን ቾንግኒየን በ2008 ዉሺ ከተማ መጽሐፍ ሲፈርሙ አንድ ሰው በጥፊ መታቸው፤ ቺንግን አለቅጥ አሞገሱ ብሎ። ሥርወ መንግሥቱ ከወደቀ 96 ዓመቱ ነበር። ዩ ዳን የምትባለዋ መምህርት ደግሞ ኮንፊሽየስን ለሕዝብ አቅልላ ስታስረዳ መጽሐፏ በሚሊዮን ተሸጠ፤ የዶክትሬት ተማሪዎች ሊቁን አረከሰችው ብለው ተነሡባት። ኮንፊሽየስ ራሱ ከአሥር ዓመት በላይ ከመንግሥት መንግሥት እየዞረ የሚሾመው ፈልጎ ያጣ ሰው መሆኑን የሰሙት አክስቴ በጣም አዘኑለት። "ሰው አልነበረውም" አሉ።

ከዚያ ወደ ሰማይ ወጣን። እዚያ እንኳ እናርፋለን ብዬ ነበር። በ2017ቱ "የአሥር ማይል የኮክ አበባ" ጀግናዋ ባይ ቺየን ዘጠኝ ጅራት ያላት የቀበሮ አምላክ ናት፤ ዕድሜዋ 140 ሺህ ዓመት። የሚወዳት የሰማዩ አልጋ ወራሽ ዬ ኋ 50 ሺህ ብቻ ነው። ዘጠና ሺህ ዓመት ትበልጠዋለች ብዬ ለወሬ ሳሰፈስፍ አክስቴ የከነከናቸው ሌላ ነው፦ "140 ሺህ ዓመት ሞልቷት ሥራ ላይ ናት? እኔን እኮ ሻማ እንኳ ሳያበሩልኝ ነው ያሰናበቱኝ!" የሰማይ ሰው ከአንድ ማዕረግ ወደ ሌላ የሚያልፈው መብረቅ ሲመታውና ሲተርፍ ነው። የእሷ ተራ ሲደርስ መምህሯ ሞ ዩዋን መብረቁን ተቀበለላት። "ፈተናውን አለቃዋ ተፈተነላት" አሉ አክስቴ፤ ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

ከሁሉ የወደዱት ግን የድሮውን የ1986ቱን "ጉዞ ወደ ምዕራብ" ነው። ያንግ ጂዬ የምትባል ዳይሬክተር ለዓመታት በአብዛኛው በአንድ ካሜራ የቀረጸችው 25 ክፍል ነው። የዝንጀሮውን ንጉሥ ሱን ዉኮንግን የሚጫወተው ሰው አባቱም ቅድመ አያቱም በመድረክ ዝንጀሮ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። "ርስት ነዋ!"

ይህ ዝንጀሮ ሰማይን ሲያስቸግር ሹመት ሰጥተው ዝም ያሰኙታል፤ የሰማይ ፈረሶች ባልደራስ ይሆናል። ደስ ብሎት ሌት ተቀን ይሠራል፤ ፈረሶቹም ይወፍራሉ። አንድ ቀን ባልደረቦቹ የመጠጥ ግብዣ ያደርጉለታል። ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ለመሆኑ የእኔ ሹመት ስንተኛ ደረጃ ነው ይላል። ደረጃ የለውም ይሉታል። ከደረጃ በላይ ነው ማለት ነዋ! የለም፣ ከደረጃ በታች ነው። ገበታውን ገልብጦ ይሄዳል። ድራማው በተመሠረተበት ልቦለድ ሰማይ ላይ የቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ቢሆን ነው፤ አገሩ ሲመለስ ግን ዝንጀሮዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቅንህ ይሉታል፤ የሰማይ አንድ ቀን የምድር አንድ ዓመት ነውና።

ጦር ልከው ሲያቅታቸው ከሰማይ እኩል ታላቅ ጠቢብ የሚል ማዕረግና ትልቅ ግቢ ይሰጡታል። ሥራ የለውም፣ ደመወዝም የለውም።

"አማካሪ አደረጉት" አሉ አክስቴ።

ሥራ ከሚፈታ ብለው የዘላለም ሕይወት የሚሰጠውን የኮክ አትክልት እንዲጠብቅ ሲያደርጉት ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የተማረ ይመስል ምርጥ ምርጡን ጠራርጎ በላው። አምስት መቶ ዓመት ተራራ ሥር የተቀበረው በዚህና ይህን ተከትሎ ባመጣው ጣጣ ነው።

ከተራራው ወጥቶ አንድ መነኩሴን አጅቦ ቅዱስ መጽሐፍ ሊያመጡ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በየመንገዱ ጭራቅ ይገጥማቸዋል። አክስቴ ጭራቁ ገና ብቅ ሲል ይሞት ወይም ይተርፍ እንደሆነ ይነግሩኛል። ዘዴው ቀላል ነው። የሰማይ አለቃ የሚጋልበው እንስሳ፣ የእቶን ጠባቂ ወይም የኩሬ ዓሣ ሆኖ ኖሮ አምልጦ የመጣ ጭራቅ ከሆነ፣ ዝንጀሮው ዱላውን ሲያነሣ ጌታው ከደመና ላይ፣ "ተው፣ የእኔ ነው!" ይልና ይዞት ይሄዳል። የአጥንቷ ጭራቅ ግን ማንም የላትም፤ ተመትታ ሞተች። ቻይናውያንም ይህን አስተውለው ይሳለቁበታል።

መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ መከራ አልፈው ቡድሃ ዘንድ ይደርሳሉ። ግምጃ ቤቱን የያዙት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት እጅ መንሻ ይጠይቃሉ። የላቸውም። ጥቅሉን ተቀብለው ከወጡ በኋላ ሲፈቱት ባዶ ወረቀት ነው። ተመልሰው ለቡድሃ ሲከሱ አለቃ ሠራተኞቹን ደገፈ፤ ቅዱስ መጽሐፍ በነጻ አይወጣም፣ እንዲያውም ከዚህ በፊት አርክሰን ሸጠናል ይላል። መነኩሴው የቀረችውን የወርቅ መለመኛ ሳሕኑን ሰጠ። የተጻፈበት መጽሐፍ ወጣ።

አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"ደረሰኝ ቆረጡለት?"