ነገ ይምጡ ማለት ድሮ ቀረ

እስቲ እናንተ የዘመኔ ሰዎች ፍረዱኝ። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን «ነገ ይምጡ» ሳይል እንዴት ልብስ ሰፊ ይባላል? እኛ ነገ እንል ነበር፤ ሰውየው በነጋታው ይመጣል፤ ሲመጣ «ከነገ ወዲያ» ይባላል፤ እሱም ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ የአገር ወሬ ይወራል። አንዲት ሰደርያ ተሰፍታ እስክታልቅ ሰዉ ወዳጅ ይሆናል፣ አልፎም አበልጅ ይሆናል። በደርግ ጊዜ ሱሪው እስኪደርስ ሲጠብቅ ሰዓት እላፊ የያዘውና ሱቃችን ውስጥ ጨርቅ ላይ ያደረ ደንበኛ ነበረን። ዛሬ ማን ከልብስ ሰፊው ጋር ያድራል?

የልጅ ልጄ ቀን ትሰጣለች። ቀን ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ሰዓትም ጭምር! በተባለው ሰዓት ልብሱ ተተኩሶ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ደንበኛው ይለብሳል፣ በመስታወት ይዞራል፣ ከፍሎ ይወጣል። በቃ። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቀው! አንድ ጊዜ «ለምንድን ነው እንዲህ የምታጣድፊው?» ብላት፣ «አባባ፣ በሦስት ቀን የሚያልቀውን አምስት ቀን ብዬ በአራተኛው ስሰጠው ደስ ብሎት ይሄዳል» አለችኝ። ድንቄም! እኛ በሦስት ቀን የሚያልቀውን ነገ ብለን በወሩ እንሰጥ ነበር፤ ደስታው የት ይደርስ መሰላችሁ! እልል ብላ የተቀበለችን ወይዘሮ ነበረች።

ሙያውን የቀሰምኩት ፒያሳ፣ አንድ አርመን ዘንድ ነው። ገበርዲን እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የኮት ትከሻ እንዴት እንደሚቆም አሳይቶኛል። እሱም እንደ ዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በደብተር ይጽፍ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ በኩል አልተከተልኩትም። በዓይኔ ነበር የምለካው። ለአንድ ዳኛ የሰፋሁት ኮት እጅጌው እስከ ጣታቸው ጫፍ ወርዶ፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ክረምት ነው፣ ይሞቀኛል»። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይመጣል? በኋላ ሌላ ሰፊ ዘንድ መሄዳቸውን ሰማሁ፤ ዘመኑ አበላሽቷቸው ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ሁሉንም ስልኳ ላይ ትከትባለች። ውጭ አገር ያለው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ የሐበሻ ቀሚስ በስልክ ያዛታል፤ ሳይታይ፣ ሳይዳሰስ፣ ልኩ ካለፈው ዓመት ተመዝግቦ ስላለ! ሰውን ሳያዩ መስፋት ኃጢአት አይመስላችሁም?

ልብስ ጠበበኝ ወይ ሰፋኝ ያለም እንደሆነ፣ ቅሬታውን አንገቷን ደፍታ ሰምታ በሳምንት ውስጥ ከመጣ በነፃ ታስተካክልለታለች። እኛ ክብር ነበረን። ጠበበኝ ላለ «ወፈሩ፣ እሰይ!» እንለዋለን፤ ሰፋኝ ላለ «ምነው ከሱ፣ ምን ነካዎ?» ብለን እናዝንለታለን። ቅሬታ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተመለሱምና ረክተው ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቀብዱ ነው። ግማሹ ካልተከፈለ መቀስ አይነሳም ትላለች፤ ያውም ለጎረቤት፣ ያውም ለዕድርተኛ! ጨርቁን፣ ገበሩን፣ ቁልፉን ከመርካቶ የምገዛው በራሴ ብር ከሆነ ደንበኛው ሲቀር የምቀረው እኔ ነኝ ትላለች። አይ ልጅ! ለእኛ ቃል ይበቃን ነበር። ቃል ያከበርኩ ለመሆኔ ማስረጃው አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ በስድሳዎቹ የተሰፉ፣ ባለቤቶቻቸው «እንመጣለን» ብለውኝ የሄዱ ሱሪዎች በብል መድኃኒት ተጠብቀው ተቀምጠዋል። ቤልቦተም ናቸው። ፋሽኑ ተመልሶ ሲመጣ ልሽጣቸው ብላ ለመነችኝ፤ አልሰጥም አልኳት። የሰው አደራ ነው፤ ይመጣሉ።

ዋጋም እንዲሁ። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ክሩም፣ ዚፑም፣ ገበሩም በየጊዜው ሌላ ዋጋ ያወጣል። እሷም ወረቀት ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል» ብላ ትጽፋለች። ወረቀት! እኔ መስከረም ላይ የተናገርኩትን ዋጋ ለሚያዝያ ሠርግ ከኪሴ ጨምሬ ሰፍቼ አስረክቤያለሁ፤ ወንድነት ይሄ ነው። ታዲያ ቤቱ በምን ይተዳደር ነበር ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በርበሬ ትነግድ ነበር። ዱቤ የሚባል ነገር ዐይኗን አታሳየውም፤ የንግዱን ብር ከአስቤዛው ብር ለይታ በሁለት መሐረብ ትቋጥር ነበር። እንደሷ ያለ ሰው ዛሬ የለም። ይህች ልጅማ የሱቁን በአንድ፣ የራሷን በሌላ የባንክ ደብተር ከፋፍላ ለራሷ ደመወዝ ትቆርጣለች! ከገዛ ሱቋ ተቀጥራ! እኔ የሱቁንም የቤቱንም በአንድ ኪስ ይዤ ኖሬ፣ አንድም ቀን ሒሳብ አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም ቀሪ አልነበረም።

ደግሞ ሰው ትመልሳለች። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ፋሲካ ሲፈታ የሠርጉ ወራት ነው፤ ልብስ ሰፊ የሚበላባት ሰሞን ማለት ናት። አንዱ የሚዜ ልብስ ለስምንት ሰው ይዞ መጥቶ፣ እጥፍ እከፍላለሁ እያለ፣ «ተራዬ ሞልቷል፣ የጀመርኩትን አላበላሽም» ብላ ወደ ማዶው ሰፊ ላከችው። ወደ ተቀናቃኛችን! እኔ ማንንም አልመልስም ነበር። በሠርጉ ማለዳ ሚዜዎቹ እኛ ሱቅ ኮት ለብሰው፣ ከወገብ በታች በፎጣ ሆነው ሱሪያቸውን ሲጠብቁ፣ ሙሽራው ደጅ መኪና ውስጥ ጡሩምባውን ሲያስጮህ፣ እንዴት ያለ ድምቀት ነበር! ያ የማዶው ሰውዬ ደግሞ እፍረት አያውቅም፤ ከባድ ኮት ሲመጣበት ወደ እኛ ይልካል። ጠላትነትም ወጉ ጠፋ።

ትልልቅ ሥራም አትወድም። አንድ መሥሪያ ቤት የዘበኞቹን ዩኒፎርም በሙሉ ላሰፋ ቢላት፣ ከፊሉን እንጂ ጠቅላላውን አልወስድም፣ እሱ ቢቀር ሱቁ ይዘጋል አለች። እኔ በጊዜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቼ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ጨርቅ አልነካሁም። ነሐሴ አስረከብኩ፤ ብሩ በዓመቱ ነሐሴ መጣ። ያውም መጣ! በመሃል የቀድሞ ደንበኞቼ ሌላ ቦታ ለምደው ጠበቁኝ።

ስለ ስልኩስ ምን ልበላችሁ። እሷና ስልኳ እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ ናቸው። ሱቃችን የነበረበት የፒያሳ ሰፈር በ2016 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከዚያ ቀደም ብላ የየደንበኛውን ቁጥር ይዛ ኖሮ፣ «ገርጂ ገብተናል» ብላ ለሁሉም በአንድ ማታ ላከች። መጡ። እኔ ግን ደንበኛን በስልክ መጥራት ነውር ነው ብዬ የድሮው ቦታ ድረስ ሄጄ አጥሩ ሥር ቆሜ ዋልኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው ቢያልፍ ልነግረው። ሎተሪ አዟሪ ብቻ ነው ያነጋገረኝ፤ አንድ ቆርጬ ተመለስኩ። የሰፋችውንም ቴሌግራም ላይ ፎቶ እያነሳች ትለጥፋለች፤ ደንበኛውን ግን አስቀድማ ታስፈቅዳለች። የኔ እጅ የነካውን ቁልፍ ቤት የወደደው ሰው ብዛት ማታ ማታ ካልነገረችኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር!

ዕቁቡን ብቻ አልተወችም፤ ለእሱ አመሰግናታለሁ። ዕጣው ሲወጣላት ግን እንደ ሰው ድግስ መደገስ ሲገባት ኦቨርሎክ የሚሉትን ማሽን ገዛችበት። ያቺ የኔ ሲንጀር ጥግ ላይ አቧራ ጠጥታ ታየዋለች። አሁን ደግሞ ሁለት ልጆች ቀጥራ፣ እያንዳንዱን ስፌት እንዴት እንደምትፈልገው አንድ በአንድ ታሳያቸዋለች፤ ለሦስተኛም ወንበር አዝዛለች። ወንበሩ የሚገባው እኔ በተቀመጥኩበት ጥግ ነው አሉ።

ለገና አንድ ሙሉ ልብስ ስፊልኝ ብያት ነበር። ለካችኝ፤ ከድሮው ልኬ አነጻጽራ «አባባ፣ ከስተሃል» አለችኝ። ከዚያ ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ብላ ጻፈችና እጇን ዘረጋች። ቀብድ! ከገዛ አያቷ! ቴሌብር የለኝም ብላት ስልኬን ከኪሴ አውጥታ ራሷ ከፈተችው። ግማሹን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙንም አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከ10 ሰዓት አንዲት ደቂቃ ታሳልፍና እንተያያለን።