ጀልባ ሽቅብ

ሚኒሶታ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ 701 ሜትር ነው። ወዳጄ ስለ ጀልባ ጉተታ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው እዚያ ነው። ግዛቱ ራሱን የ10,000 ሐይቆች አገር ብሎ ይጠራል፤ በጋ በገባ ቁጥር ሰዉ ከፒክአፑ ኋላ ጀልባ ወይም ባለ ጎማ ቤት ቀጥሎ ከከተማ ይወጣል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ አስፋልቱ አይጎረብጥም፤ አንዱ ሐይቅ ቢሰለች ሌላ አለ። እዚያ ዕድሜውን የፈጀ ሰው መጎተት ማለት ጋንጮ አገናኝቶ ሙዚቃ መክፈት ቢመስለው አይፈረድበትም።

አገሩ ሲመለስ ከቢሾፍቱ አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዛ። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ቦታ ያለው የአክስቱ ልጅ አለ። ጀልባዋ እዚያ ደርሳ እንግዳ ልታንሸራሽር፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀውን ሐይቅ እስጢፋኖስን በውኃ በኩል ልታሳይ፣ በዚያውም የሁለቱን ኪስ ልትሞላ ታሰበ። አንድ ብየዳ ቤት ከቁርጥራጭ ብረትና ከአሮጌ ጎማ ተሳቢ ሠራላት። ተሳቢው ፍሬን የለውም። «አውሮፓ ከ750 ኪሎ በታች ፍሬን ግዴታ አይደለም» አለ ወዳጄ። እውነቱን ነው። ጀልባዋና ተሳቢው ተደምረው 600 ኪሎ አይሞሉም፤ የፒክአፗ መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ የበለጠ እንድትጎትት ይፈቅድላታል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ግን ጣርማ በርን አላዩትም።

ፒክአፗ ደብል ጋቢና ናት። ናፍጣ ናት፣ ቱርቦ የላትም፣ ፎርዊሏ ከሞተ ቆይቷል። ሹፌሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ንግግር አያበዛም፤ ሲናገር ግን መስማት ይሻላል። ይህን አብሬያቸው የተጓዝኩት እኔ ቶሎ ተረድቻለሁ፤ ወዳጄ ግን አልተረዳም።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር የሚወራለት አይደለም። ሸኖ ላይ ቅቤ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ገዛን። ጣርማ በር ስንደርስ ጣሊያን ባስቆፈረው 587 ሜትር ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነበረብን። ወዳጄ ከዋሻው አፍ ላይ መኪናዋን አስቆመ።

«እኔ ቀይ ቀበሮ አይቼ አላውቅም» አለ።

ዋሻው ሳይገባ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ በመዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል፤ ጓሳ የሚባለው የመንዝ ሜዳ በዚያ መንገድ ላይ ነው። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም ከሚባሉት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚያ ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ ጓሳ እኮ ሐይቅ የለውም» አለ ሹፌሩ።

«ማን ሐይቅ አለህ? ጀልባዋ ትከተለናለች።»

መዘዞ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ልጆች ተሳቢውን ከበቡት። በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በልጆቹ መሐል ገብተው ጀልባዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋትና፣ «መርከቧን እናንተ አመጣችሁ፤ ውኃውን የጫነው መኪና ከኋላ እየመጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ወዳጄ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልሱን ይጠብቁ ነበር።

መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፤ ከጣና ወለል በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። እኛን ይዛ የምትወጣው ፒክአፕ እንግዲህ የፒክአፕ ሁለት ሦስተኛ ነበረች። ሁለተኛ ማርሽ አልቻለችም፤ በአንደኛ ተያያዝነው። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ እንቆማለን፤ ስንቆም አንድ ሰው ወርዶ ከተሳቢው ጎማ ኋላ ታኮ ያስገባል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ዳገት ላይ ፍሬኑ ታኮ ነው፤ ታኮው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚሸከም ረዳት ደግሞ አልተቀጠረም። ማዕረጉ ለእኔ ተሰጠ።

ድንጋይ ታቅፌ ከጀልባ ኋላ በእግሬ ስሄድ ያሰብኳቸው አፄ ቴዎድሮስን ነው። በዚች አገር ስለ መጎተት የሚያወራ ሰው ሴባስቶፖልን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ጋፋት ላይ የተሠራው ያ መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፣ ገደሉን እየሰበሩ ነው የሄዱት። የሚጎትተው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበር፤ ቁልቁለት ሲመጣ ያው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ይይዘዋል። የንጉሡ ተሳቢ ፍሬን ነበረው ማለት ነው፤ ፍሬኑም ሰው ነው። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ላወርደው ያለ አልተገኘም። ይህን ለወዳጄ በመስኮት ብነግረው «እሳቸው ጋንጮ አልነበራቸውም» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ብርድ ስለገባበት ነው እንጂ ሰው አይንቅም።

ጓሳ አመሻሽ ላይ ደረስን። ማረፊያው የአካባቢው ማኅበረሰብ ንብረት ነው፤ ክፍል አለው፤ ድንኳን ለሚተክል ሰውም ቦታ አለው። እኔና ሹፌሩ ክፍሉን ስናይ ወዳጄ ሌላ ሐሳብ መጣለት። አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤቱን በፒክአፕ ጎትቶ ሄዶ ጫካ ውስጥ እንደሚያድር፣ እንዲህ ያለ ቦታ ደርሶ ግድግዳ ውስጥ መተኛት ነውር እንደሆነ አስረዳን። ከዚያ የጀልባዋን ሸራ ገፎ ከፒክአፗ ጭነት ላይ ወጠረው፤ ፍራሽ አነጠፈ፤ ባለ ጎማ ቤት ሆነ። ሹፌሩ ሸራ የተገፈፈችውን ጀልባ አየት፣ ሰማዩን አየት አደረገና ጋቢና ውስጥ ገብቶ ተኛ። እኔ እሳት ያለበትን መረጥሁ።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ በልግ። ሌሊቱን ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶም ጣለ። የመንዝ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ንጋት ላይ ወጥቼ ወዳጄን ሳየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ካምፒንግ ማለት ይኸ ነው» ይላል። ጉሙ ሰውን ከሰው አያሳይም። ሹፌሩና እሱ በዚያ ጉም ውስጥ ሸራውን ከፒክአፗ አውርደው፣ ከታች ሆነው ወደ ጀልባዋ ወረወሩት፤ በገመድ ጠፈሩት፤ ጋንጮውን አገናኙ። ሞተሩ ተነሣ። ፒክአፗ ግን አልተነሣችም።

የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ይዞራሉ። ጭቃው ያን ያህል የሚያሰጋ አልነበረም፤ ማታ በዚያው ላይ ገብተናል። ሹፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወዳጄ መላውን አገኘሁ አለ፤ ከጎማው ሥር ሣር መጎዝጎዝ። ካራውን መዘዘና ወደ ሜዳው አጎነበሰ።

«እሱን ተወው፣ ወንድሜ» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ።

የጓሳ ጠባቂ ነው። ፎጣ ተጠምጥሟል፣ ዱላ ይዟል፣ አልተቆጣም።

«ሣር እኮ ነው!»

«ሣር አይደለም፣ ጓሳ ነው። ገና አልተከፈተም።»

የሚኒሶታው ሰው ሣር እንዴት እንደሚከፈት ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። መንዝ ይህን ሜዳ መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ባለ አጽመ ርስቶቹ ሜዳውን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሲበቃው ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለገሳው የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አጽመ ርስቱን ሲያስቀር ጥበቃውም ላልቶ ነበር፤ በኋላ ሕዝቡ ተመካክሮ በኮሚቴ መልሶ ያዘው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የተጠበቀ ሣር የኛን ጎማ ለማድረቅ ይታጨድ ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድፍረት ነው። ወዳጄ ካራውን መለሰ።

በዚህ መሐል ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ደረሱ፤ አንድ አዛውንትና አራት አምስት ጎረምሶች፣ ከአህዮቻቸው ጋር። አዛውንቱ የሆነውን ከጠባቂው ከሰሙ በኋላ ወዳጄን ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ዕድለኛ ነህ። ዱሮ ጓሳን የደፈረ ሰው እርጥብ የአንበሳ ቆዳና ደረቅ የነብር ቆዳ አምጣ ይባል ነበር።»

«ከየት ያመጣል፣ አባባ?»

«እሱማ ከየትም አያመጣም። ለዚያ ነው የሚጠየቀው።»

ጎረምሶቹ አህዮቹን አቁመው ገመድ አመጡ፤ ከራሱ ከጓሳ የተገመደ ገመድ፣ በተፈቀደ ጊዜ የታጨደ መሆኑን ጠባቂው አይቶ ያለፈው። ፊት ለፊት አሰሩና ጎተቱ። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። እኔና ወዳጄ ከኋላ ገፋን። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አለ እንጂ ጎማ አልተነቃነቀም። ሴባስቶፖል ስንት ሰው እንደፈጀ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጉሙ እየተገለጠ ነበር። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ እነሱን ማንም አይከለክልም። በመሐላቸው አንዲት ቀይ ቀበሮ ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው ሳትፈራ። ይህ ነገር እዚሁ ጓሳ ተጠንቷል፤ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከመቶ 25 ጊዜ ይሳካላታል፤ ጭላዳ መሐል ሆና ግን 67 ጊዜ። ጭላዳዎቹም ዝም ይሏታል። ወዳጄ ዋሻውን ትቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ብርዱን ችሎ የመጣው ለእሷ ነበር። በዚያች ሰዓት ግንባሩን ከጀልባዋ ጭራ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይገፋ ነበር። ስጠራው «ሃይ ባክህ፣ ግፋ!» አለኝ። ቀና ሲል ሄዳለች።

አዛውንቱ አልጎተቱም፤ ጀልባዋን ሲዞሩ ነበር። በዱላቸው ሆዷን ኳ ኳ አደረጉ። ከአፍንጫዋ በኩል ጮኸች፤ ከጭራዋ በኩል ድምፅ አልሰጠችም።

«ምን ጭናችኋል?»

«ምንም የለባትም፣ አባባ። ባዶ ናት።»

«ባዶ እንዲህ አይከብድም» አሉና የሸራውን ጠርዝ በዱላ ቀና አደረጉት።

ጀልባዋ ሙሉ ነበረች። ሌሊቱን ሸራው ለሰው ቤት ሲሆን ዝናቡ እሷ ውስጥ ገብቶ አድሯል፤ በላዩ ላይ ያልቀለጠ በረዶ ይንሳፈፋል። ከተሠራች ጀምሮ እሷ ውኃ ላይ ትወጣለች እንጂ ውኃ እሷ ላይ አልወጣም ነበር። «ሃያ እንስራ ይወጣዋል» አሉ አዛውንቱ። እንስራውን 15 ሊትር ብንለው እንኳ 300 ኪሎ ነው። ክብደቱ ብቻ ቢሆን ፒክአፗ ትችለው ነበር። ነገሩን ሹፌሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ «ጋሼ፣ ጭራዋ ከብዶ እኛን አንጠልጥላናለች።»

ይህ የጉተታ ዋና ሕግ ነው፤ ወዳጄም በሚኒሶታ ሳይሰማው አልቀረም። ከተሳቢው ክብደት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከመቶ የሚሆነው ጋንጮው ላይ ማረፍ አለበት። ያ ሲሆን የጎታቹ የኋላ ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ ተሳቢውም በፍጥነት ላይ አይወላገድም። ክብደቱ ከተሳቢው ጎማ ወደ ኋላ ካለፈ ጋንጮው ወደ ላይ ይነሣል፤ የፒክአፗን ኋላ አብሮ ያነሣዋል፤ ጎማውም አየር ላይ ይዞራል። የቆምነው ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ስለነበር ውኃው በሙሉ ጭራ ላይ ተከማችቷል። እኛ ደግሞ ከኋላ ስንገፋ ነበር።

ጠባቂው ከጀልባዋ ጭራ ሥር ያለውን ቡሽ አገኘውና ነቀለው። ውኃው ለረጅም ጊዜ ወረደ። ጓሳ ከአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ ከሌላው ወገን ወደ አዋሽ የሚፈስስ አገር ነው፤ የእኛ ውኃ ወደየት እንደሚሄድ ክርክር ተነሣ። ወደ ዓባይ ከሆነ ግብፅ ይደርሳል፤ ወደ አዋሽ ከሆነ ከአፋር በረሃ አያልፍም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ጎረምሶቹ ለአዋሽ ፈረዱ። አዛውንቱ ግን «የትም ይሂድ፤ መጀመሪያ የኛ ሣር ይጠጣው» ብለው ጨረሱት። ጀልባዋ ስትራቆት ፒክአፗ ያለ ማንም እርዳታ ወጣች።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተር ፍሬን ወረድነው፤ ሹፌሩ የፍሬን ሸራ እንዳይቃጠል እየቆመ ያቀዘቅዝ ነበር። ሐይቅ በሰላም ደረስን። የአክስቱ ልጅ ጀልባዋን ውኃ ላይ ሲያወርዳት ወዲያው መስጠም ጀመረች፤ ቡሿ ጓሳ ቀርቷል። ከቆርኪና ከጨርቅ ሌላ ተሠራላት።

መለስተኛ ፒክአፕ ጀልባም ባለ ጎማ ቤትም ይጎትታል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ይጎትታል። ጓሳ ላይም ይጎትታል፤ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ለመውጣት ትዕግሥት፣ ቁልቁለቱን ለመውረድ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሹፌር ይኑራችሁ። ጋንጮ ከማገናኘታችሁ በፊት ሸራውን ግለጡና ውስጡን እዩ። ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ፤ ብርድ ልብስም ከዚያው ግዙ። ለማረፊያው የምትከፍሉት ገንዘብ ሜዳውን ለሚጠብቀው ሕዝብ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ እባካችሁ ክፍል ያዙ።