ካርቶን ውስጥ የሚሮጥ ባቡር

ለእንግሊዛዊ የሞዴል ባቡር ሰብሳቢ «ፍላይንግ ስኮትስማን» የተባለችው የእንፋሎት ባቡር አንድ አምሳያ አይበቃውም። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ከዶንካስተር ፋብሪካ ቁጥር 1472 ተብላ ወጣች፣ 4472 ሆነች፣ ከዚያ 502፣ 103፣ በመጨረሻም 60103። ቀለሟም አንዴ አረንጓዴ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ። ለእኛ ለመሃይማኑ አንዲት ባቡር ናት፤ በሰብሳቢው መዝገብ ግን እያንዳንዷ የራሷ መስመር አላት። ባለቤቱ «ይቺማ አለችን አይደል?» ካለችው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የዚያኛዋ ጭስ ማውጫ ነጠላ ነው፤ የዚችኛዋ ድርብ!»

ጥንቃቄያቸው ያስቀናል። በአምሳያዋ ጎን ካለው ሪቬት (የብረት ማያያዣ) ሁለት ከጎደለ አምራቹን እንቅልፍ ይነሱታል። ሐዲዱ ላይ ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። በብሪታንያ የተለመደው «ኦኦ» የሚባለው መጠን ባቡሩን 76 ጊዜ ያህል ያሳንሳል፤ በዚህ ስሌት 1,435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው እውነተኛው ሐዲድ 18.8 ገደማ መሆን ነበረበት። የሚሸጠው 16.5 ነው። ጥቂት ግትሮች ልኩን ጠብቀው በእጃቸው ይሠራሉ፤ የቀሩት ሪቬት መቁጠራቸውን ቀጥለዋል።

ደግሞ አምሳያዋ የተሸጠችበት ካርቶን ካልተከፈተ ዋጋዋ ከፍ ይላል። እናም እ.ኤ.አ. በ1934 በሰዓት 100 ማይል የሮጠችው ባቡር አምሳያ፣ ካርቶኗ ውስጥ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባታል። ሰብሳቢ ቤት በእንግድነት የሚሄዱ ከሆነ አደራዎን፣ የልጅዎን እጅ አጥብቀው ይያዙ።